የሐሙሱ አሥራ አንድ ደቂቃ

«እርድ ነው» አለ ስልኩ። «እርድን ደግሞ የማያውቅ አበሻ የለም።»

ፊልጶስ ይህን ሲሰማ ወደ ወጥ ቤት እየወረደ፣ ከደረጃው አራተኛ እርከን ላይ ነበር። አንድ እግሩ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቦታ ወጥ ቤቱ በግማሽ ይታያል። ሚስቱ ፀሐይነሽ ጎመን እየከተፈች ነው፤ ስልኩ የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ቆሞ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ተለቋል። የምትናገረው ወይዘሮ ሉሊት ናት፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን የሚለብሱትን ልብስና የሚቆሙበትን ቦታ ሳይቀር የሚወስነው ኮሚቴ ሰብሳቢ።

«ሃያ አራቱም ቀሚስ እንደዚያው ነው። ትከሻው፣ እጅጌው፣ አንገቱ። ትናንት ለልምምድ ሲለብሱት ነው ያየነው። ፀሐይዬ፣ በክፉ አታይብኝ። ግን አንቺ ቤት አልጫ ይሠራል።»

«ፖለን ነው፣ የዛፍ ብናኝ» አለች ፀሐይነሽ። ቢላዋውን አላቆመችም። «ሐሙስ አጥቤ ውጭ ነው ያሰጣሁት።»

«ሐሙስማ አየሩ ንጹሕ ነበር! የገዛ ልጅሽ ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ነገር ሐሙስን አረንጓዴ አድርጎ ነው ያሳየኝ። አረንጓዴ ሲሆን ውጡ፣ ቢጫ ሲሆን ተጠንቀቁ፣ ቀይ ሲሆን መስኮት ዝጉ ብላ አስተምራናለች። እኔ መቼም የሄርሜላን ቃል አላጣጥልም።»

ቢላዋው ቆመ። ወይዘሮ ሉሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብሶቹን ይዛ እንደምትመጣ፣ ነገ ሆሳዕና ስለሆነ ጊዜ እንደሌለ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ልብሱ በየወሩ ላውንደሪ ቢሄድ ይሻላል የሚል ሐሳብ እንዳለ ተናገረች። በዚያ ኮሚቴ ዘንድ ሐሳብ አለ ከተባለ ነገሩ ተወስኗል ማለት ነው። ፊልጶስ አየር ላይ የቀረውን እግሩን ወደ አምስተኛው እርከን መልሶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ላይ ወጣ።

ፀሐይነሽ የመዘምራኑን ልብስ ማጠብ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማንም አይከፍላትም፤ የሚከፍላት ቢመጣም ትጣላዋለች። ልብሱ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፣ ጥለቱ ሙቀት አይወድም። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከትታ ለአምስት ዓመት ልጅ ልክ ሆነው ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ የምታሰጣው በጓሮ ነው። የሰፈሩ ማኅበር ከመንገድ የሚታይ የልብስ ገመድ ስለሚከለክልና ሁለት ጊዜም ደብዳቤ ስለጻፈ፣ ገመዱን በጓሮ በር ካለው የእንጨት መድረክ፣ ከዴኩ ኋላ፣ ከመንገድም ከመኪናው መግቢያ ከድራይቭዌይም በማይታይ ጥግ ወጥራዋለች። በሳምንት ሦስት ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ በቀረው ጊዜ ለሁለት የአበሻ ሱቆች በዕቃ የታሸገ ክክ አልጫ ታቀርባለች፣ አንዱን በዘጠኝ ዶላር። ስለዚህ እርድ በዚያ ቤት መኖሩን መካድ አይቻልም። ግን እርዱ ያለው በክዳን፣ ክዳኑ ያለው በመሳቢያ፣ መሳቢያው ያለው ከማጠቢያው ክፍል ሁለት በር አልፎ ነው። ፀሐይነሽን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ወይዘሮ ሉሊትም ታውቃለች፤ ያወቀችውን ግን ከአረንጓዴው ስልክ ጋር ማስታረቅ አቃታት።

ፊልጶስ የሆነውን ያውቅ ነበር። በዚያ ቤት የሚያውቅ ደግሞ እሱ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ሌሊት ዝናብ ዘነበ። ሐሙስ ጠዋት አየሩ ታጥቦ፣ በአየሩ ላይ የነበረው የጥድ ብናኝ ሁሉ መሬት ላይ ወርዶ፣ ከቤቱ ጎን አልፎ እስከ ጓሮ በሚዘልቀው ድራይቭዌይ ላይ ኩሬ ሠርቶ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ኩሬው ደርቆ እንደ ሽሮ የደቀቀ ቢጫ ነገር ተረፈ፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ አንድ ጣት ይወፍራል። ፊልጶስ ኢስት ፖይንት ካለ ሆቴል እስከ አየር ማረፊያው ድረስ እንግዳ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። አንዱን ዙር በአሥራ አራት ደቂቃ ይጨርሳል፣ አሥራ አምስት ከሆነ ምክንያቱን ማወቅ አለበት፤ ቫኑ ውስጥ ፍርፋሪ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። እንዲህ ያለ ሰው በራሱ ደጅ ቢጫ ዱቄት አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ባለፈው ጥቅምት በመቶ ሰማንያ ዘጠኝ ዶላር የቅጠል መንፊያ ማሽን ገዝቶ ነበር፣ ቅጠልና አቧራ በአየር የሚገፋ፣ ባለ ሁለት ባትሪ። ፀሐይነሽ ዋጋውን አይታ «እጅ አለህ፣ መጥረጊያ አለ፤ ውሰድና መልሰው» አለችው። መኪናው ላይ ጫነው፣ የሚኖሩባትን ኮንየርስን አንድ ጊዜ ዞረ፣ ነዳጅ ቀዳ፣ ተመልሶ መጣና «መለስኩት» አላት። ማሽኑ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚከፈተው የገና ዛፍ ሳጥን ውስጥ፣ ከፕላስቲኩ ቅርንጫፍ ሥር ይተኛል፤ ሳጥኑን በገና የሚከፍተውም መልሶ የሚያሽገውም እሱ ብቻ ነው። የሚወጣው ፀሐይነሽ ከሌሊት ሥራ መጥታ ጆሮዋን በስፖንጅ ደፍና ስትተኛ ነው።

ሐሙስ ከመተኛቷ በፊት ልብስ ማጠቧን አላወቀም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ማሽኑን አወጣ፣ ከመንገዱ ጀምሮ ወደ ጓሮ እየነፋ ሄደ። መሃል ላይ የሥራ ባልደረባው ለገሰ ሺፍት ለመቀያየር ደውሎ ትንሽ አዋራው። ከዚያ ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ቢጫው ሁሉ አንድ ላይ ተነሥቶ፣ ፀሐይ እያበራበት፣ በዴኩ ላይ ተሻገረ፤ ማማሩን አድንቆ ሳይጨርስ ከዴኩ ጥግ አንድ ነጭ እጅጌ ሲወዛወዝ አየ። ማሽኑን አጠፋ። ጠጋ ብሎ ሃያ አራቱን ቀሚሶችና የሚስቱን አንድ ነጠላ አያቸው። «ሲደርቅ ይረግፋል» ብሎ ለራሱ ነገረና ወደ ሥራው ሄደ። አልረገፈም፤ ልብሱ እርጥብ ነበር። ፀሐይነሽ ስትነቃ መሽቶ ስለነበር በድንግዝግዝ ሰብስባ አጣጠፈችው፣ ዓርብ ጠዋትም በሁለት ከረጢት አድርሳ መጣች።

ሄርሜላ አራት ሰዓት ላይ ወረደች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ፣ ዛፎች ብናኛቸውን መቼ እንደሚለቁና ነፋስ የት እንደሚያደርሰው የሚያሰላ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ስታስረዳ እንዲህ ትላለች፦ ኮምፒውተሩ ከጥር ጀምሮ ሞቃት ቀኖችን ይቆጥራል፣ ጥዱ የሚበስልበትን ቀን ያውቃል፤ ከዚያ አየሩ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ብናኙን በነፋሱ ላይ ይለቅና ካርታው ላይ ባሉት ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ላይ ስንት ስንት እንደሚደርስ ይናገራል። የመልቀቂያው ክፍል፣ ማለትም ዛፉ እጁን የሚከፍትበት ሰዓት፣ የእሷ የብቻዋ ሥራ ነው። ሰኞ ለአለቆቿ ታቀርበዋለች። ለዚህም ስትል ከቤተ ክርስቲያኑ ሰው የግማሹን ያህል ስልክ ተቀብላ ትንበያውን ጭናለታለች።

እናቷ ሰላም እስክትላት አልጠበቀችም።

«ለምንድነው ሐሙስን አረንጓዴ ያደረግሽው?»

«እኔ አላደረግኩትም እማዬ። ሞዴሉ ነው።»

«ሞዴሉን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«እንግዲያውስ።»

ፊልጶስ ሻይ ቀድቶ ጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠ። ፀሐይነሽ የሐሙሱን ነጠላዋን ከመሳቢያ አምጥታ በልጇ ፊት ዘረጋችው። ነጠላው በአንድ ፊቱ ብቻ ቢጫ ነው። በጣቷ ሳሙና አርጥባ በጠርዙ ላይ አሸችው፤ እርድ ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ እንደሚዞር የማያውቅ የአልጫ ባለሙያ የለም። ቢጫው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሄርሜላ ከቦርሳዋ አውራ ጣት የምታክል ማጉሊያ አውጥታ ስልኳ ላይ ሰካችና አየችው። እያንዳንዷ ፍሬ በግራና በቀኝ ሁለት ፊኛ ተሸክማለች።

«የጥድ ነው» አለች።

«ስለዚህ ሞዴልሽ ውሸታም ነው።»

«እማዬ፣ ረቡዕ ዘንቧል። ዛፉ እርጥብ ነው። እርጥብ ዛፍ ብናኙን ሪሊዝ አያደርግም። ሐሙስ ከሰዓት እዚህ ሰፈር ምንም መኖር የለበትም።»

«ይኸው አለ።»

ፀሐይነሽ ወደ ጎመኑ ተመለሰች፤ ጎመኑ ከሚያስፈልገው በላይ ደቀቀ። ሄርሜላ ላፕቶፗን ከፈተች። ፊልጶስ ከጎን ሆኖ ያያል። ልጁ አንድ ቁጥር አጠፋች፣ ሌላ ቁጥር ጻፈች፣ ቆየችና «ምናልባት እርጥብ ሆነውም ይለቁ ይሆናል» አለች ለራሷ። ቁልፉን ስትጫነው በካርታው ላይ የሐሙስ ቀን ከኮንየርስ ተነሥቶ እስከ አቴንስ ድረስ ቀይ ሆነ። ባንድ ጣት፣ ምንም ባላጠፉበት ቀን፣ የሰሜን ጆርጂያ ጥዶች በሙሉ ተወነጀሉ። ሄርሜላ ቀዩን አይታ አልተደሰተችም። ሐሙስን ብታስተካክል፣ ሞዴሉ ካለፈው ዓመት ልክ ከመታቸው ቀኖች አሥራ ሁለቱ እንደሚበላሹባት ተናገረች። የስድስት ወር ሥራዋ ነው።

የፊልጶስ ሻይ ቀዘቀዘ። አሁን ቢናገር ልጁ ሥራዋን አታበላሽም፣ ሚስቱም ስሟ ከሐሜት ይነጻል። ግን አንድ ነገር ከተናገረ ሁለት ነገር ይታወቅበታል፤ የሐሙሱና የጥቅምቱ። የሐሙሱ ስሕተት ነው፣ ስሕተት ይቅር ይባላል። የጥቅምቱ ስድስት ወር የተኛበት ውሸት ነው፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ። እነዚህን ሁለቱን የሚለይበት መንገድ ፈለገ።

«መኪና ሲያልፍ ያስነሣው ቢሆንስ?» አለ።

ሄርሜላ ቀና አለች። «እሱ ሐሳብ ጥሩ ነው አባዬ። መሬት ላይ የነበረ፣ እንደገና የተነሣ። ግን እዚህ መንገድ ላይ ያለነው አምስት ቤት ነን። ስንት መኪና ቢያልፍ ነው?»

«የጎረቤቱ ውሻስ? ትልቅ ነው እኮ።»

እናትና ልጅ እኩል አዩት። ከዚያ ሄርሜላ ግንባሯን መታች። «ካርዱ!» ብላ ወደ ዴኩ ወጣች።

በዴኩ አጥር ላይ የዳቦ መጥበሻ የሚያህል ግራጫ ሣጥን ታስሮ ነበር። ፊልጶስ ከየካቲት ጀምሮ ከኢንተርኔቱ ጋር የተያያዘ ነገር ይመስለው ነበር። ሄርሜላ ከውስጡ የጥፍር ያህል ካርድ ነቅላ ስትመጣ፣ ሣጥኑ አየር እየሳበ በውስጡ የሚያልፈውን የብናኝ ፍሬ ከመጣበት አቅጣጫ ጋር በየደቂቃው እንደሚቆጥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምታነበው ለእናቷ አስረዳች። «በየደቂቃው?» አለ ፊልጶስ። «በየደቂቃው» አለች። ተነሥቶ ሻይውን አሙቆ ተመለሰ።

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሐሙስን ሙሉ እንደ ተኛ ሰው ጠፍጣፋ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። ሄርሜላ ሰፋ አድርጋ አየችውና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ስታስብ ልማዷ ነው። «ስምንት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ይጀምራል። ስምንት ከሦስት ላይ ያቆማል። አሥራ አንድ ደቂቃ። ዛፍ አሥራ አንድ ደቂቃ ለቆ አያቆምም።» ብዕር አነሣች። «ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ስለዚህ ወደ እኛ እየተጠጋ ነው። ዛፍ አይራመድም። ነፋሱ በዚያ ሰዓት ከምሥራቅ ነበር፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ሣር ብቻ ነው፣ ይሄ የመጣው ግን ከምዕራብ ነው። ነፋስን ተቃውሞ የሚሄድ ጥድ እኔ አላውቅም።» ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፦ «መሃል ላይ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ቆሟል። ስልክ ያነሣ ይመስል።»

ከቤቱ በስተምዕራብ ያለው ድራይቭዌዩ ነው። ሄርሜላ አባቷን አየችው። አባቷ ሻይውን አየ። በሻይው ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም። ልጅቱ የቀየረችውን ቁጥር ወደ ነበረበት መለሰች፣ ካርታው አረንጓዴ ሆነ፣ ላፕቶፑን ዘጋች።

«ምን አገኘሽ?» አለች ፀሐይነሽ ከምድጃው ሳትዞር።

«ገና ነው እማዬ። ምስክር ይጎድለኛል።»

ወይዘሮ ሉሊት ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። አብሯት ግሩም አለ፤ የመዘምራኑ ምክትል፣ ሁለቱን ጥቁር ከረጢቶች የተሸከመው እሱ ነው። ከዚህ ወደ ዋዜማ ጸሎት ስለሚሄዱ ሁለቱም ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ሳሎኑ ውስጥ፣ ፀሐይነሽ ፕላስቲኩን ሳታወልቅ ሰባት ዓመት ያቆየችው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ጎመን ቀረበላቸው፣ በልተናል አሉ፤ እንደገና ቀረበላቸው፣ ትንሽ በሉ። ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ አንድ ሰው አዲስ ቤት፣ ሰውየው ቤቱን በስንት ገዛው ስለሚባለውና በእውነት በስንት እንደገዛው ተወራ። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ወይዘሮ ሉሊት እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ነገሩ ገባች። ሄርሜላ ቀሚስ አውጥታ በሳሙና አሽታ አሳየቻት። ወይዘሮ ሉሊት ጎንበስ ብላ አየች፤ አልቀላም።

«እሺ፣ ፖለን ነው እንበል። ታዲያ ልጄ፣ አረንጓዴ ያልሽው ምን ሊሆን ነው? ወይ አንቺ ተሳስተሻል፣ ወይ እናትሽ ተሳስታለች። ኮሚቴው ሁለታችሁንም አምኖ መቀመጥ አይችልም።»

«አይ ሚን፣ እኔ ሐሙስ ሮጫለሁ» አለ ግሩም። «ላይክ አንድም ጊዜ አላስነጠሰኝም።»

«እትዬ ሉሊት፣ ሁለታችንም አልተሳሳትንም» አለች ሄርሜላ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ ጨው አቀብለኝ እንደሚባለው አድርጋ፣ «አባዬ፣ የገና ዛፉን ሳጥን ታመጣልኛለህ?» አለች።

ፊልጶስ ተነሣ። ከሳሎኑ እስከ ጋራዡ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው። በአሥራ ዘጠኙ ውስጥ ብዙ አሰበ፦ ልጁ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ፣ የጋራዡን በር ከፍቶ በዚያው ኢስት ፖይንት ቢሄድ ምን እንደሚሆን፣ ቅዳሜ ሥራ እንደሌለው ሚስቱ እንደምታውቅ። ሳጥኑን አንሥቶ ተመለሰ።

«በሆሳዕና ዋዜማ የገና ዛፍ?» አለች ፀሐይነሽ።

ሳጥኑን ምንጣፉ ላይ አኖረ፣ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ ከሥራቸው ማሽኑን አነሣና ቆመ። «አየሩ ንጹሕ ነበር» አለ። «ሄርሜላ ልክ ናት። ፀሐይነሽም ልክ ናት። ሐሙስ ድራይቭዌዩን በዚህ ስነፋ ልብሱን ቢጫ ያለበስኩት እኔ ነኝ።»

ፊልጶስ ፍርዱን ጠበቀ። ወይዘሮ ሉሊት ግን ዓይኗ እንባ አዝሎ ፈገግ አለች።

«አየሽ ፀሐይዬ? ባል ማለት ይሄ ነው። ለሚስቱ ብሎ ያላጠፋውን አጠፋሁ የሚል! የኔው እንኳን ለኔ፣ ለራሱም አይናገር።»

«አይደለም እትዬ ሉሊት፣ እውነቴን ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን ኮሚቴው በፍቅር አይመራም። አንድ ሰው በአየር ብቻ ሃያ አራት ቀሚስ አይለውጥም።»

ፀሐይነሽ ባሏን አየችው። ለአንድ አፍታ፣ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት እንዳየችው ዓይነት አየችው። ከዚያ ዓይኗ ዝቅ ብሎ ማሽኑ ላይ አረፈ። ባትሪውን አየች፤ ሁለተኛውን ባትሪ አየች። አመለካከቷ ተለወጠ።

«ያሳየን» አለች።

ሁሉም ወጡ። ዓርብና ቅዳሜ ፀሐይ ስለነበር ጥዶቹ የያዙትን ለቀዋል፤ ድራይቭዌዩ እንደ ሐሙሱ ቢጫ ነበር። ሄርሜላ አንድ የትራስ ልብስ አርጥባ ገመዱ ላይ ሰቀለች፣ ሰዓቷን ያዘች፣ እንግዶቹን ወደ አጥሩ እንዲርቁ ለመነቻቸው። ግሩም ራቀ። ወይዘሮ ሉሊት አልራቀችም፤ ሰብሳቢ ያላየውን አይፈርምም ብላ ከትራሱ ልብስ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። «እትዬ፣ እዛ ጋ ባይሆኑ» አለች ሄርሜላ። «ልጄ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አለች ሉሊት።

ፊልጶስ ከመንገዱ ጀመረ። ሐሙስ የነፋውን ያህል ነፋ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። መሃል ሲደርስ ሄርሜላ «እዚህ ጋ ሁለት ደቂቃ» ብላ ጮኸች፤ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ሁሉም እያዩት፣ ማንም ሳይደውልለት፣ ሁለት ደቂቃ ቆመ። ፀሐይነሽ ያን ሁለት ደቂቃ ሙሉ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ቀጠለ። ዳመናው መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ወገብ አከለ፤ ጓሮው ጥግ ሲደርስ ተነሣ፣ ዴኩን ተሻገረ፣ ገመዱ ላይ ወርዶ ቆመ። በውስጡ ወይዘሮ ሉሊት ነበረች። ድምፅ አልተሰማም። ከአጥሩ ሥር ግሩም ሰባት ጊዜ በተከታታይ አስነጠሰ፤ ሄርሜላ ቆጠረችለት።

አየሩ ሲጠራ የትራሱ ልብስ በአንድ ፊቱ ቢጫ ነው። ወይዘሮ ሉሊት ግን በሁሉም ፊቷ ቢጫ ናት፤ ቅንድቧ፣ የነጠላዋ ጥለት፣ የጫማዋ አፍ፣ ከአናቷ እስከ እግሯ የክክ አልጫ ቀለም። እጇን እንዳጣመረች ናት። አንድ ጣቷን አንሥታ ክንዷን ነካች፣ ጣቷን አየች፣ አሸተተች።

«እርድ አይደለም» አለች።

«አይደለም» አለች ፀሐይነሽ።

«ልብሱ እዚሁ ይቆይ የሚል ሐሳብ አለ።» ወደ ግሩም ዞረች። «አለ አይደል?»

ግሩም ስምንተኛውን አስነጠሰና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ፀሐይነሽ እንግዳዋን በክንዷ ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት፣ ፊቷን አስታጠበቻት፣ ከሣጥኗ ሥር ያልተለበሰ አዲስ ነጠላ አውጥታ ራሷ አለበሰቻት። ነጠላው ይመለስ አይመለስ አልተነሣም። ወይዘሮ ሉሊት በር ላይ ስትደርስ፣ ልብሱ ለነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መድረስ እንዳለበት ብቻ አሳሰበች፤ ይህንንም የተናገረችው ለፀሐይነሽ ሳይሆን ለፊልጶስ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያ ቤት ሳሎን የሚታይ ግድግዳ አልነበረም። ቀሚሶች በደረጃው መደገፊያ፣ በበሮቹ አናት፣ በመጋረጃው ዘንግ፣ በምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ላይ ተሰቅለዋል፤ አራት የአየር ማራገቢያ በአራቱ ማዕዘን ይዞራል። የሚንቀሳቀስ ሰው በነጭ እጅጌዎች መካከል እየተጎነበሰ ያልፋል። ፊልጶስ ሃያኛውን ቀሚስ በመታጠቢያው ገንዳ ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ እያሸ ነው። ፀሐይነሽ እንግዶቹ ከሄዱ ጀምሮ ያነጋገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «በማሽን አይደለም፣ በእጅህ» ብላ። መንፊያውን አልጠየቀችውም። ጥቅምትን አላነሣችም። በደረጃው ሥር ቆማ የደረቁትን ትተኩሳለች፤ ካውያው በየቀሚሱ ላይ ሲወርድ ፊሽ ይላል፣ ያንን ድምፅ ፊልጶስ ገንዳው ድረስ ይሰማዋል።

ሄርሜላ በሁለት ቀሚሶች መካከል በተረፈው የጠረጴዛ ጥግ ላይ የሰኞውን ገለጻ ትሠራለች። መጨረሻ ላይ ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር መጣች።

«አባዬ፣ አሥራ አንዱን ደቂቃ ሰኞ ላሳያቸው? ሞዴሉ ልክ ነበር። ያልቆጠረው ሰውን ነው። መሬት የወረደውን ብናኝ ማን ስንት ሰዓት እንደሚያስነሣው ማንም አስልቶት አያውቅም፤ ሪሊ፣ ትልቅ ነገር ነው።»

ፊልጶስ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ነገሩን ከሁሉም ጎን አየው። ልጁ ልትጠቀምበት ከሆነ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከነከነው።

«አሳዪያቸው። ስሜ ግን አይግባ። ‹አንድ የኮንየርስ ነዋሪ› በይ።»

«ነዋሪ። እሺ» አለች ሄርሜላ፣ እየሳቀች ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች፣ መጻፍ ጀመረች።

ከደረጃው ሥር የካውያው ድምፅ ቆመ።

«ስሙ ይጻፍ» አለች ፀሐይነሽ። «ከነአባቱ።»